ጠገራው ታጥቧል ወይስ አልታጠበም? የአሮጌ ብር ሳንቲምን ገጽ የመመርመሪያ ዝርዝር መመሪያ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መንዝ ድረስ፣ በሣጥን ሥር በጨርቅ ተቋጥሮ ወይም በአንገት ጌጥ ላይ ተንጠልጥሎ የኖረ የብር ሳንቲም ያለው ቤት ጥቂት አይደለም። አብዛኛው ጠገራ ብር ብለን የምንጠራው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ገንዘብ ሲሆን፣ አልፎ አልፎ የዳግማዊ ምኒልክ ብር፣ አላድ (ግማሽ ብር) እና ሩብ፣ እንዲሁም በ1936 ዓ.ም. የተቀረጸው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የብር ሽልንግ ይገኛል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ በነበረችው በአንኮበርና ከሥሯ ባለው የአልዩ አምባ ገበያ ከባሕር ጠረፍ የሚመጡ ነጋዴዎች ጠገራን ከአሞሌ ጨው ጋር ሲመነዝሩ ስለኖሩ፣ በዚህ አገር ብሩ መብዛቱ አያስገርምም።

ከእነዚህ ሳንቲሞች መካከል ግን ገጹ ሳይነካ የቆየውን ማግኘት ቀላል አይደለም። በአንድ የገበያ ቀን አንዲት እናት እንደ ወተት የነጣ ጠገራ ዘርግተውልኝ፣ «ልጄ፣ ንጹሕ ሆኖ እንድታገኘው ብዬ በአመድ ስፈትገው ነው ያመሸሁት» አሉኝ። ልወቅሳቸው አልቻልሁም፤ እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከአያቴ የወረስሁትን የምኒልክ ብር በአመድና በሎሚ ፈትጌ አበላሽቻለሁና። ያንን ብር እስከ ዛሬ አልሸጥሁትም፤ የታጠበ ሳንቲም ምን እንደሚመስል ለማነጻጸሪያ ከአጉሊ መነጽሬ ጋር አብሬ አስቀምጬዋለሁ። እርስዎም መታጠቡ የታወቀ አንድ ርካሽ የብር ሳንቲም ቢይዙ፣ ከዚህ በታች ከሚነበበው ማንኛውም መግለጫ ይልቅ ዓይንዎን ያሠለጥንልዎታል።

የምርመራው ሁሉ መሠረት አንድ ጥያቄ ነው፤ እሱም የሳንቲሙ ብልጭታና የሳንቲሙ ድካም (በአገልግሎት ማለቁ) ይስማማሉ ወይ የሚለው ነው። ሳንቲሙ ያበራል ወይስ ጠቁሯል ብሎ ብቻ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳታል።

ብሩ ለምን ይጠቁራል፣ ሲነከርስ ምን ይሆናል?

ብር እንደ ብረት በውሃ ብቻ አይዝግም። የሚያጠቁረው በአየር ውስጥ ያለ የድኝ ውሑድ ሲሆን፣ ይህ ውሑድ ከብሩ ገጽ ጋር ተዋሕዶ ሲልቨር ሰልፋይድ የሚባል ስስ ሽፋን ይፈጥራል። በአገራችን የድኙ ምንጭ ብዙ ነው፤ የኩበትና የእንጨት ጭስ አለ፣ የቤት እንስሳት በረት አለ፣ ሱፍም አለ። የበግ ጸጉር በተፈጥሮው ድኝ ስላለው፣ በመንዝ ባና ተጠቅልሎ የቆየ ብር በጥጥ ነጠላ ከተጠቀለለው ይልቅ ቶሎ ይጠቁራል። ይህ ሽፋን ከዚህ በኋላ የዕድሜ ቀለም እየተባለ ይጠራል።

ማጠብና መንከር ይህን ሽፋን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ያስወግዱታል። ማጠብ ወይም መፈተግ በአመድ፣ በአሸዋ፣ በጥርስ ሳሙና፣ በብሩሽ ወይም በሻካራ ጨርቅ ሽፋኑን ከብሩ ጋር አብሮ ይፍቀዋል፤ ስለዚህ ጭረት ይተዋል። መንከር ግን ሳንቲሙን አሲድና ታዮዩሪያ የሚባል ኬሚካል ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንዶች አስገብቶ ማውጣት ነው። ፈሳሹ ሽፋኑን በኬሚካል ስለሚያሟሟው ጭረት አይተውም፤ ነገር ግን ሽፋኑ የተሠራው ከራሱ ከሳንቲሙ ብር ስለሆነ፣ ሽፋኑ ሲሟሟ የገጹ የላይኛው ክፍል አብሮ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለአጭር ጊዜ የተነከረ ሳንቲም ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ደጋግሞ ወይም አቆይቶ የተነከረ ግን ሕይወት የሌለው ግራጫማ ነጭ ሆኖ ይቀራል። የተፈተገን ሳንቲም በጭረቱ፣ የተነከረን ሳንቲም ደግሞ በጮራው (ሲያዘነብሉት በገጹ ላይ በሚዞረው ብርሃን) መጥፋት እንለየዋለን ማለት ነው።

ዝግጅት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ከአምስት እስከ አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ አንድ አምፖል ብቻ ያለው የጠረጴዛ መብራት፣ ለስላሳ ንጹሕ ጨርቅና የሚቻል ከሆነ የወርቅ ሚዛን። መብራቱ አንድ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ከጣሪያ ላይ የሚበተን የፍሎረሰንት (ረጅም የቱቦ) መብራትም ሆነ በደመናማ ቀን በመስኮት የሚገባ ብርሃን ጭረትን ይደብቃልና። የቀትር ፀሐይ ደግሞ በተቃራኒው ጤነኛውን ሳንቲም ሁሉ የተቧጨረ ያስመስለዋል።

ሳንቲሙን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መካከል ጎኑን ብቻ ይዘው ያንሡት፤ የጣት ላብ በብር ላይ ለዓመታት የሚቆይ አሻራ ይተዋል። ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢዋ ደጋ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው የውርጭ ወቅት ከውጭ የመጣ ቀዝቃዛ ሳንቲም ሞቅ ወዳለ ክፍል ሲገባ ጤዛ ያዝላል፤ ያን ጤዛ በነጠላ ጫፍ መጥረግ በራሱ ማጠብ ነው። ሩብ ሰዓት ያህል በጨርቁ ላይ ትተውት ራሱ ይድረቅ።

በመጀመሪያ ሳንቲሙ ምን እንደሆነ ይወቁ

ምን መምሰል እንደነበረበት ሳያውቁ ምን እንደተደረገበት ማወቅ አይቻልም። ማሪያ ቴሬዛ ከሞተችበት ከ1780 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በኋላ ጠገራው ያንኑ ዓመተ ምሕረት እንደያዘ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በሌሎችም ከተሞች በተደጋጋሚ ተመቷል፤ ቪየና በቅርብ ጊዜም መትታለች። ስለዚህ መስታወት መስሎ የሚያበራ ጠገራ ሲያዩ ታጥቧል ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ ገበያ ዞሮ የማያውቅ የቅርብ ጊዜ ምት ሊሆን እንደሚችል ያስቡ። የቅርብ ጊዜው ምት ፊደሎቹና የዘውዱ ፈርጦች ስል ናቸው፣ የንስሩ ላባም አንድ በአንድ ይቆጠራል። የምኒልክ ብር ግን እንዲህ ያለ ማምለጫ የለውም፤ 1887 ዓ.ም. የሚል ቁጥር ይዞ በፓሪስ የተመታውና ከእሱ በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ገበያ ዞረዋል።

ሁለቱም ሲመቱ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝኑ ነበር፤ ስፋታቸውም 40 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጠገራው በሺህ 833፣ የምኒልክ ብር በሺህ 835፣ መጀመሪያ የተመታው የ1936ቱ ሽልንግ በሺህ 800 ብር ሲኖራቸው፣ የቀረው መዳብ ነው። ይህ መዳብ በኋላ ያስፈልገናል።

ብልጭታውን ከድካሙ ጋር ያስተያዩ

ሳንቲሙን ያለ አጉሊ መነጽር በክንድ ርቀት ይዩት። በምኒልክ ብር ላይ የንጉሡን ጉንጭና ዘውድ፣ በጀርባው የአንበሳውን ጭንና ጎፈር፤ በጠገራ ላይ የሴትዮዋን ትከሻና ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጸጉር፣ በጀርባው የንስሩን ደረት ይመልከቱ። እነዚህ ከፍ ያሉ ቦታዎች ስለሆኑ አስቀድመው የሚያልቁት እነሱ ናቸው። ጎፈሩ ተልጎ ለስልሶ፣ ጉንጩ ተደፍጥጦ እያለ ሳንቲሙ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ የሚያብለጨልጭ ከሆነ፣ ነገሩ አይገጥምም። በእጅ፣ በከረጢትና በኮሮጆ ብዙ ዘመን የዞረ ብር በተፈጥሮው ከፍ ባለው ቦታ ፈዛዛ ግራጫ፣ በዝቅተኛው ቦታና በፊደሎቹ ሥር ጠቆር ያለ ይሆናል። ሽማግሌ ሰው ፊቱ ላይ አንዲት መስመር ሳይኖር ቢቀርብልን እንደምንጠራጠር ሁሉ፣ ያለቀና የነጣ ሳንቲምም ሊያጠራጥረን ይገባል። በእኔ ልምድ በገበያ ከሚቀርቡት የታጠቡ ሳንቲሞች የሚበዙት በዚህ በአንዱ እርምጃ ብቻ ይለያሉ።

ሳንቲሙን በብርሃን ሥር ያዙሩ

አሁን ሳንቲሙን ከመብራቱ በታች ወደ አንድ እጅ ስንዝር አቅርበው፣ ገጹን ቀስ አድርገው እያዘነበሉ ያዙሩት። ሳንቲም ሲመታ ብሩ በከባድ ጫና ከመካከል ወደ ዳር ስለሚፈስ፣ በዓይን የማይለዩ እጅግ ደቃቅ ጨረር መሰል መስመሮች በገጹ ላይ ይቀራሉ። ገጹ ያልተነካ፣ ብዙም ያላለቀ ሳንቲም በእነዚህ መስመሮች ምክንያት እንደ መንኮራኩር የሚዞር የብርሃን ቀበቶ ያሳያል፤ ሳንቲሙን ሲያዘነብሉት ቀበቶው ይሄዳል፣ በፊደሎቹ መካከልም ይገባል። ይህን ነው ጮራ የምለው።

የተፈተገ ሳንቲም ብርሃን ይመልሳል እንጂ ጮራ የለውም፤ እንደ አሉሚኒየም ድስት ክዳን ከሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ብልጭታ ይሰጣል፤ ሲያዘነብሉት የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይበትም። ከመጠን በላይ የተነከረው ደግሞ ብልጭታውም ያንሰዋል። ደቃቅ መስመሮቹ በአሲድ ስለተበሉ፣ ፊደሎቹና ምስሉ ስል ሆነው ሳሉ ምስልና ፊደል የሌለበት ሜዳው እንደ ኖራ ደብዝዞ ይታያል። ዝርዝሩ ሙሉ፣ ድካሙ ጥቂት፣ ጮራው ግን የሞተ ሳንቲም ሲገጥምዎ መነከሩን ይጠርጥሩ። በመጠኑ የተነከረና ጮራው ያልጠፋ ሳንቲም ግን በዚህ እርምጃ ላይለይ ይችላል፤ ለእሱ ወደ ፊደሎቹ ሥር መውረድ ያስፈልጋል።

ጭረቶቹን ያንብቡ

ይህ ከሁሉ የሚበልጥ ጊዜ የሚወስደው ክፍል ነው፤ ቸኩለው አይለፉት። አጉሊ መነጽሩን ለዓይንዎ አቅርበው፣ ብርሃኑ በሰያፍ እንዲያርፍ ሳንቲሙን ይዘው በመጀመሪያ ሜዳውን፣ ማለትም ምስልና ፊደል የሌለበትን ለጥ ያለ ክፍል ይመርምሩ። ጭረት ያለበት ሁሉ ታጥቧል ማለት አይደለም፤ ገበያ የዞረ ሳንቲም ጭረት አለው። ልዩነቱ በአኳኋኑ ነው። ከሌሎች ሳንቲሞች ጋር በመጋጨት የመጣ ጭረት አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ጥልቅ፣ ሌላው ስስ ሆኖ ያለ ሥርዓት የተበተነ ነው። የፍተጋ ጭረት ግን በቡድን ይሄዳል፤ በደርዘን የሚቆጠሩ ጸጉር የሚያክሉ መስመሮች አንድ አቅጣጫ ይዘው፣ ወይም ጣት በክብ እንደዞረ ቀለበት እየሠሩ፣ በአንድ አካባቢ ታጭቀው ይታያሉ።

ሌላው ምልክት ጭረቱ የሚያቆምበት ቦታ ነው። ጨርቅ የያዘ ጣት ከፊደሎቹ ሥርና ከምስሉ ዙሪያ ካለው ጠባብ ማዕዘን አይደርስም፤ ስለዚህ ሜዳው ተቧጭሮ በፊደሎቹ ዙሪያ ያልተነካ ጠባብ ቀለበት ይቀራል። በእኔ የምኒልክ ብር ላይ በአማርኛው ፊደላት መካከል ይህ ቀለበት እንደ ጥላ ጎልቶ ይታያል፤ ፈታጊው እኔ ስለሆንሁ ምስክርነቱ አያጠራጥርም።

እዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሳንቲሙን የሚመታው ገንዘብ ቤት የመምቻውን ብረት ሲያለሰልስ በብረቱ ላይ ጭረት ሊተው ይችላል፤ ያ ጭረት ወደ ሳንቲሙ ሲዛወር በሳንቲሙ ገጽ ላይ ከፍ ብሎ የወጣ መስመር ይሆናል። ይህ ጉድለት አይደለም። የሚለየው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛ፣ የመምቻው መስመር ከፍ ያለ ሲሆን የፍተጋው ጭረት ግን የጎደጎደ ነው፤ ሁለተኛ፣ የመምቻው መስመር ፊደል ወይም ምስል ሲደርስ ይቆማል፣ የፍተጋው ግን በፊደሉ አናት ላይ ወጥቶ ወዲያ ማዶ ይቀጥላል። መስመሩ ከፍ ያለ ይሁን የጎደጎደ ካልለየልዎ፣ ሳንቲሙን በመብራቱ ሥር ግማሽ ዙር ያዙሩትና ጥላው በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ያስተያዩ።

በሽቦ ብሩሽ የተሠራ ሳንቲም ደግሞ የራሱ መልክ አለው። የሚሽከረከር ብሩሽ ብሩን እየገፋ ስለሚወስደው፣ በፊደሎቹ አንድ ጎን እንደ ተገፋ ጭቃ ትንሽ ከፍታ ይከማቻል። ከሩቅ ሲታይ ጮራ ያለው ይመስላል፤ በአጉሊ መነጽር ግን ያታለለው ብልጭታ የተቧጨረ ብር ሆኖ ይገኛል።

ፊደሎቹ ሥር ምን ቀርቷል?

በፊደሎቹ ሥር፣ በዘውዱ ቀዳዳዎችና በንስሩ ላባ መካከል የሚቀረው ነገር ብዙ ይናገራል። ሜዳው ነጭ ሆኖ ሥሩ የጠቆረ ከሆነ ሳንቲሙ በእጅ ተፈትጓል። ሜዳውም ሥሩም እኩል ነጭ ከሆነ፣ በተለይ ያለቀ ሳንቲም ላይ፣ ፈሳሽ ገብቶበታል። የተነከረ ሳንቲም በውሃ በደንብ ካልተለቀለቀ ደግሞ በፊደሎቹ ሥር የቀረው አሲድ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። አዲስ የተነከረ ከሆነ የበሰበሰ እንቁላል የሚመስል ሽታ ሊኖረው ይችላል፤ ይህ ግን ለብቻው ማስረጃ አይሆንም።

ነጭ አመድ ወይም የሳሙና ቅሪት በአንበሳው ጎፈር ውስጥ ተቀብሮ ካገኙ ሌላ ምርመራ አያስፈልግዎትም። በእንዶድ ታጥቧል ከተባሉ ግን ለእንዶዱ ይፍረዱለት፤ እንዶድ ራሱ ብር አይፍቅም፣ የሚጎዳው አብሮት የሄደው ጨርቅ ነው። በረኪና የነካው ብር በተቃራኒው ነጭ ሳይሆን ዝርክርክ ያለ ጥቁር ይሆናል። ሎሚና ጨው፣ እንዲሁም የአንጥረኛ አሲድ፣ ቀደም ሲል የጠቀስሁትን መዳብ ከገጹ ላይ እየለዩ ያወጡታል፤ የቀረው ብር ደቃቅ ቀዳዳ ያለበት፣ እንደ ውርጭ የነጣ ቆዳ ይሆናል። ይህን መልክ በአንገት ጌጥ ላይ በኖሩ ጠገራዎች ላይ ደጋግመው ያገኙታል።

የቀለሙን አመጣጥ ይመርምሩ

ነጭ ሳንቲም አስቸጋሪ አይደለም፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ታጥቦ እንደገና እንዲጠቁር የተደረገው ነው። ሻጩ ጠንቃቃ ከሆነ በጭስ ላይ ያቆየዋል፣ ወይም ከተቀቀለ እንቁላል ጋር በዕቃ ውስጥ ይዘጋዋል፤ የእንቁላሉ ድኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለም ያወጣለታል።

ተፈጥሯዊ የዕድሜ ቀለም ሽፋኑ እየወፈረ ሲሄድ በቅደም ተከተል ይለወጣል፤ መጀመሪያ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቀጥሎ ወርቃማ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ ከዚያ ሰማያዊ፣ በመጨረሻም ጥቁር ግራጫ ይሆናል። በውሃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀለም የሚያወጣበት ምክንያትም ይኸው የሽፋኑ ስስነት ነው። ስለዚህ ሰማያዊ ባለበት ቦታና ባዶ ብር ባለበት ቦታ መካከል ወይን ጠጁና ቢጫው በሽግግር መታየት አለባቸው። ሰማያዊው ከነጩ ጋር እንደ ቀለም ጠብታ በድንገት የሚገናኝ ከሆነ፣ ወይም ቀለሙ ያለቀውን ጉንጭና ያላለቀውን የፊደል ሥር አንድ ዓይነት አድርጎ የቀባ ከሆነ፣ የእጅ ሥራ ነው ብዬ እገምታለሁ።

ጭረቱንና ቀለሙን አብረው ማንበብም ይጠቅማል። ጭረቱ በጥቁሩ ሽፋን ውስጥ ብሩህ ሆኖ ከታየ ከቀለሙ በኋላ የመጣ ነው፤ የጭረቱ ሥር ከዙሪያው ጋር አንድ ዓይነት ጠቁሮ ከሆነ ግን ከቀለሙ በፊት ነበረ። በቡድን የሚሄዱ የፍተጋ ጭረቶች ከሥራቸው ጠቁረው ካገኙ፣ ሳንቲሙ ከብዙ ዘመን በፊት ታጥቦ በራሱ ጊዜ እንደገና ጠቁሯል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ የተለመደ ነው፤ ለሠርግ የተፈተገው የአያት ጌጥ ለልጅ ልጅ ሲደርስ ጠቁሮ ይገኛል።

ጎኑንና አናቱን አይርሱ

ጠገራ በሸዋ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ጌጥም ነበር። ከምስሉ ራስ በላይ ባለው ጎን ላይ የሞረድ ምልክት፣ ትንሽ ለጥ ያለ ቦታ ወይም ግራጫ የብየዳ ቅሪት ካለ፣ ማንጠልጠያ ተነሥቶለታል። ማንጠልጠያ የተበየደለት ሳንቲም ደግሞ በእሳት ሞቋል፣ ከዚያም በአሲድ ነጥቷል፤ ስለዚህ የታጠበ መሆኑን ሌላ ሳይጠይቁ መመዝገብ ይችላሉ። የተደፈነ ቀዳዳም በተመሳሳይ ቦታ ይፈለጋል። ሚዛን ለዚህ ይረዳል፤ ማጠብን ለመለየት ግን አይጠቅምም፤ በመንከር የሚጠፋው ብር እጅግ ጥቂት ነውና።

ፍርድና ዋጋ

ከምርመራው በኋላ ሳንቲሙን ከአራት በአንዱ ይመድቡት፤ ያልተነካ፣ በመጠኑ ተነክሮ ጮራው ያልጠፋ፣ ከመጠን በላይ የተነከረ፣ የተፈተገ። ሁለተኛውን ብዙ ሰብሳቢዎች ይቀበሉታል፤ ሳንቲም እየመረመሩ ደረጃ የሚሰጡት የአሜሪካዎቹ ኤን.ጂ.ሲ. እና ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ. ጮራው ላልጠፋ ሳንቲም መደበኛ ደረጃ ሲሰጡ፣ የተፈተገውን ግን «ታጥቧል» ብለው ለይተው ይመዘግቡታል። የተፈተገ ተራ ጠገራ ከብሩ ክብደት ብዙም የማይበልጥ ዋጋ ቢሰጡት አይጎዱም፤ ብርቅ የሆነ የምኒልክ ገንዘብ ግን ተፈትጎም ቢሆን ሊገዛ ይችላል፣ ዋጋው በልኩ ይቀነስ እንጂ። ጥርጣሬ ካለዎ ሳንቲሙን በማግስቱ በሌላ ብርሃን ደግመው ይዩት፤ ድካም የያዘው ዓይን ጮራን ከብልጭታ አይለይም።

ከመሬት ሲቆፈር የተገኘ ማሰሮ ሙሉ ብር ከሆነ ግን ጉዳዩ የዋጋ አይደለም፤ በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ለሚመለከተው የቅርስ መሥሪያ ቤት ማሳወቅ ይገባል፤ እስከዚያውም አፈሩ እንኳ አይነሣለት።

የገዙትን ሳንቲም ራስዎ ለማጽዳት አይሞክሩ። ቅባት ወይም ከላስቲክ የመጣ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር ካለበት፣ አየር በሚገባበትና እሳት በሌለበት ቦታ በንጹሕ አሴቶን ውስጥ አቆይተው፣ ሳያሹት አውጥተው በራሱ ያድርቁት፤ አሴቶን ቅባቱን ያነሣል እንጂ ብሩን አይነካም። ከዚያ በኋላ ሳንቲሙን በወረቀት ፖስታ ለማስቀመጥ፣ ያዩትን ጭረት፣ ቀለምና የጎን ምልክት ከነቀኑ በፖስታው ላይ በእርሳስ ይጻፉ፤ ሳንቲሙ ከመግባቱ በፊት ይጻፉ እንጂ፣ ከገባ በኋላ የተጫኑት እርሳስ በወረቀቱ በኩል ገጹን ሊያሸው ይችላል።